የቤተ ሙከራ ዕቃ ከወረዳ ለመጠየቅ
«መንዝ ላለው ትምህርት ቤታችን የቤተ ሙከራ ዕቃ እንዲሰጡን ወረዳ ማንን ላናግር?» ላልከው፦ ከጉድኝት ሱፐርቫይዘራችሁ ጀምር። የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ትምህርት ቤቶችን የሚደግፈው በጉድኝት፣ ማለትም የሚቀራረቡትን በአንድ ማዕከል ትምህርት ቤት ዙሪያ አቧድኖ ነው። ማዕከሉ ያለውን ዕቃ ለሌሎቹ የጉድኝቱ ትምህርት ቤቶች ማካፈል አለበት፤ የተቋቋመውም ለዚሁ ነው።

ቀጥሎ ርዕሰ መምህሩን ስለ ትምህርት ቤት ድጎማው ጠይቅ። ገንዘቡ የሚሰላው በተማሪ ቁጥር ስለሆነ ትንሽ ትምህርት ቤት ላይ ቶሎ ያልቃል። ዓመታዊ ዕቅዱ ሳይጸድቅ ፍላጎትህን አስገባ።

በቃል ብቻ ግን እንዳትጠይቅ። እኔ ደብረ ብርሃን አካባቢ ሳስተምር ዓመቱን ሙሉ «እሺ፣ እናያለን» እየተባልኩ፣ ልጆቹ ማይክሮስኮፕን በሥዕል ብቻ አይተው አለፉ። እስካሁን ይቆጨኛል። በደብዳቤ ጠይቅ፣ መዝገብ ቤት ገቢ አስደርግ፣ ቁጥርና ቀኑን ያዝ።