«መረጃዎ ሊተላለፍ ይችላል»፦ ማን ነው አስተላላፊው?

ጥያቄ፦ ሰላም መምህር። የምሠራው በአንድ የቴሌኮም ድርጅት ውስጥ ነው። ክፍላችን የደንበኞች የግል መረጃ አያያዝ ሕጉን የተከተለ መሆኑን ይከታተላል። ለደንበኞች በምንልከው ማስታወቂያ ላይ «የእርስዎ ዳታ ለሦስተኛ ወገን ሊተላለፍ ይችላል» ብለን ጻፍን። አንድ ባልደረባዬ «ዳታ ሳይሆን መረጃ ይባል» አለ። ሌላዋ ደግሞ «ዳታውን ተዉት፤ ችግሩ ሊተላለፍ ይችላል የሚለው ነው» አለች። እርስዎ ምን ይላሉ?

መልስ፦ ሁለቱም ልክ ናቸው። እሷ ያነሳችው ችግር ግን ይብሳል።

የ«ዳታ»ን ነገር ቶሎ ልጨርሰው። ሌላ መሥሪያ ቤት ቢሆን ቃሉ ብዙም ባላስቸገረ ነበር። ቴሌኮም ላይ ግን ሰው «ዳታዬ አለቀ»፣ «ዳታ አጥፋው» ሲል የሚያወራው ስለ ኢንተርኔት ጥቅሉ ነው። «ዳታዎ ለሌላ ይተላለፋል» የሚል መልእክት የደረሰው ደንበኛ የገዛው ጥቅል ለሌላ ሰው ሊሰጥበት ቢመስለው አይፈረድበትም። ስለዚህ «የግል መረጃ» ይበሉ። ከተቻለ ደግሞ በዝርዝር ይጥሩት፦ ስምዎ፣ የመታወቂያ ቁጥርዎ፣ ለማንና መቼ እንደደወሉ፣ ስንት ደቂቃ እንዳወሩ፣ ስልክዎ በየትኛው አንቴና ሥር እንደነበረ። ብዙ ሰው የግል መረጃ ሲባል ስምና አድራሻ ብቻ ይመስለዋል። አንድ ሰው በየሳምንቱ ወደ አንድ የካንሰር ሕክምና ማዕከል የሚደውል ከሆነ ግን ጭንቀቱን ለመገመት ንግግሩን መስማት አያስፈልግም፤ የጥሪ ዝርዝሩ ይበቃል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። አማርኛ ግሡ ውስጥ ባለቤቱን ይዞ የሚዞር ቋንቋ ነው። «እናስተላልፋለን» ካሉ ከፊትም ከኋላም ያለው «ን» «እኛ ነን» ብሎ ይመሰክራል። «ይተላለፋል» ሲሉ ግን የግሡ ባለቤት መረጃው ራሱ ሆኖ ቁጭ ይላል። እንደ ጉንፋን በራሱ ጊዜ የሚተላለፍ ይመስላል። አስተላላፊው ድርጅት ከዓረፍተ ነገሩ ሹልክ ብሎ ወጥቷል።

«ሊ… ይችላል» ደግሞ የባሰ ነው። በዕለት ተዕለት ንግግር «ዝናብ ሊጥል ይችላል» ስንል «ምናልባት» ማለታችን ነው። በሕግ አማርኛ ግን «ፍርድ ቤቱ ሊያዝ ይችላል» ሲባል «ሥልጣን አለው» ማለት ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ያንኑ የእናንተን ዓረፍተ ነገር ደንበኛው «ምናልባት፣ አንዳንዴ» ብሎ ያነበዋል። የድርጅቱ ጠበቃ ደግሞ «ተፈቅዶልናል» ብሎ ያነበዋል። ሁለቱም አማርኛ ያውቃሉ፤ ሁለቱም አልተሳሳቱም። ክርክር ሲነሳ የሚጎዳው ግን ደንበኛው ነው።

ይህ የእኔ የቋንቋ አባዜ ብቻ እንዳይመስልዎ። የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ደንብ ተፈጻሚ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ስለ ግልጽነት የወጣው የደንቡ ማብራሪያ «ይችላል»ን እና «አንዳንድ»ን የመሳሰሉ ማለስለሻ ቃላትን እንድንሸሽ፣ በተደራጊ ግሥ (እንደ «ይተላለፋል») ፋንታም በአድራጊ ግሥ (እንደ «እናስተላልፋለን») እንድንጽፍ ይመክራል።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «ቢልዎን አትሞ ለሚያደርስልን ድርጅት ስምዎንና አድራሻዎን እንሰጣለን። ለማን እንደደወሉ ግን አንነግረውም። ፍርድ ቤት ካዘዘን የጥሪ ዝርዝርዎን ለፍርድ ቤቱ እንሰጣለን።» ልብ ይበሉ፣ እርግጠኛ ያልሆነው ነገር አልጠፋም። «ካዘዘን» ውስጥ ገብቷል። መቼ እንደሚሆንም ታወቀ። «ሦስተኛ ወገን» የምትለውም ወጣች። እሷ ለብዙ ሰው የመኪና ኢንሹራንስ ነው የምታስታውሰው።

አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅዎ። «እንሰጣለን» ብሎ ለመጻፍ ምን፣ ለማን፣ ለምን እንደሚሰጥ ማወቅ ያስፈልጋል። የሂሳብ ክፍሉን፣ የማርኬቲንጉን፣ የኔትወርኩን ሰዎች ሄደው መጠየቅዎ አይቀርም። አንዳቸው «እሱን እንኳ እንጃ» ካሉዎት ችግሩ የአማርኛ አይደለም፤ የራስዎ ክፍል ሥራ ነው። ማስታወቂያዎ ላይ «ካልተቃወሙ እንደተስማሙ ይቆጠራል» የሚል ካለም በዚያው ያጣሩት። ማን ነው ቆጣሪው? ዝም ማለት እሺ ማለት አይደለም፤ በአውሮፓው ደንብም ዝምታ ፈቃድ አይሆንም።

ተደራጊ ግሥን ጨርሶ ይጣሉት ማለቴ ግን አይደለም። መረጃ ተሰርቆ ሌባው ካልታወቀ «ተሰርቋል» ማለት እውነት ነው። እዚህ ላይ የሚያሳስበኝ «ተሰርቆብናል» የሚለው ነው። ያቺ «ብን» ድርጅቱን ተበዳይ ታደርገዋለች። የተጋለጠው ግን ደንበኛው ነው። «እኛ ዘንድ የነበረው የግል መረጃዎ ተሰርቋል» ቢሉ ይሻላል፤ ኃላፊነቱም የት እንደነበረ ይታወቃል። ይህን ዓረፍተ ነገር ደግሞ ከአሁኑ አዘጋጅተው ያስቀምጡት። በአውሮፓው ደንብ ድርጅቱ ጥሰቱን ካወቀ በኋላ ለተቆጣጣሪው አካል የሚያሳውቅበት ጊዜ በመሠረቱ 72 ሰዓት ነው። በዚያ ጥድፊያ መሃል ማንም ስለ ግሥ አያስብም።