መልስ፦ አባቴ ሲራመዱ ባታቸውን ሲያማቸው እርምጃውን ያቁሙ ወይስ ይቀጥሉ?

ይቀጥሉ፣ ሲጠነክርባቸው እያረፉ። አባትህ 200 ሜትር ሲሄዱ ባታቸውን ጭምድድ የሚያደርጋቸው ሐኪሙ እንዳለው የእግር ደም ሥር ጥበት ከሆነ፣ ዋናው ሕክምና ራሱ እርምጃው ነው። ሕመሙ ጡንቻው "ኦክስጅን አነሰኝ" ብሎ መጮሁ ነው እንጂ እግራቸው እየተበላሸ አይደለም።

1. ሕመሙ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ውስጥ በሚመጣበት ፍጥነት ይራመዱ። በጣም ቀስ ካሉ ዋጋ የለውም።
2. ጠንከር ሲልባቸው ይቁሙ ወይ ቁጭ ይበሉ፣ ሙሉ በሙሉ እስኪለቃቸው ድረስ።
3. ተነስተው ይድገሙት። ረፍቱን ጨምሮ ከ30 ደቂቃ ይጀምሩና ቀስ በቀስ ወደ 45 ያድርሱት፣ በሳምንት 3 ቀን።

"ሁለት ሳምንት ሞክረው ለውጥ የለም" ላልከው ገና ነው፤ ቢያንስ 12 ሳምንት ስጡት። የጠበበው ደም ሥር አይከፈትም፣ ግን ጡንቻው በምትደርሰው ትንሽ ደም መሥራት ይለምዳል፣ እና ሳያማቸው የሚሄዱት ርቀት ይረዝማል። ሲጋራ የሚያጨሱ ከሆነ ግን እሱንም መተው አለባቸው።

አንድ ነገር ግን አደራ፣ እግራቸውን በየማታው እዩላቸው። እናቴ ስኳር ስላለባት እግሯ ደንዝዟል፣ አዲስ ጫማ ተረከዟን ልጦት ሳታውቀው ስትራመድበት ከርማ ካልሲዋ ላይ ደም ሳይ ነው የነቃነው፤ ያቺ የሳንቲም ታክል ቁስል ለመዳን ወራት ፈጀች። በጣቶቻቸው መሀልም ተመልከት። ቁስል ካየህ፣ ወይም ተኝተው እያለ እግራቸውን ካመማቸው፣ እርምጃው ይቁምና ቶሎ ሐኪም ጋ ውሰዳቸው። እግራቸው ድንገት ከቀዘቀዘና ከገረጣ ደግሞ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል።