የአይጥ ቤት ሥራ ሙያ ነው ወይ?

ከሳቢያን የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ጥያቄሽን ለሌሎች አንባቢዎችም ባጭሩ ልንገራቸው። በባዮሎጂ ተመርቀሽ ሥራ ፍለጋ ከርመሻል። አሁን እዚሁ ድሬዳዋ ያለ አንድ የምርምር ቤት፣ ለመድኃኒት ሙከራ የሚያረባቸውን አይጦችና ጥንቸሎች እንድትንከባከቢ ለቃለ መጠይቅ ጠርቶሻል። ቤተሰብ «ዲግሪ ይዘሽ የአይጥ ቆሻሻ ልትጠርጊ?» ብሎ ተቆጥቷል። አንቺን ያሳሰበሽ ግን ሌላ ነው። ቤቱን ስትጎበኚ አንዳንዶቹ አይጦች የኬጁን ሽቦ እየደጋገሙ ሲነክሱ፣ ሌሎቹ አንድ ቦታ ሲሽከረከሩ አይተሻል።

እኔ ግቢበት ነው የምልሽ። ምክንያቴም ያ ያሳሰበሽ ነገር ነው። ብዙ ሰው አይቶ ያልፈዋል፤ አንቺ አላለፍሽውም።

ያየሽው ነገር በእንስሳት ጠባይ ጥናት በደንብ የታወቀ ነው። መቆፈር፣ መደበቅና ጎጆ መሥራት የተፈጠረባት እንስሳ ባዶ ሳጥን ውስጥ ስትገባ አንዱን እንቅስቃሴ ያለ ዓላማ መደጋገም ትጀምራለች። አይጥ የሌሊት እንስሳ ስለሆነች ነገሩ የሚብሰው ሲጨልም ነው። በቀን ይህን ካየሽ ሌሊቱን አስቢው። አኗኗር አንጎልን ሳይቀር ይለውጣል። በ1960ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) የሥነ ልቦና ተመራማሪው ማርክ ሮዘንዝዋይግና ባልደረቦቹ አሜሪካ፣ በርክሊ ላይ አይጠ መጎጦችን በሁለት ዓይነት ቤት አሳደጉ። ከጓደኞቻቸውና ከመጫወቻ ጋር ያደጉት፣ ባዶ ኬጅ ውስጥ ለብቻ ካደጉት ይልቅ የአንጎላቸው ውጫዊ ክፍል ከብዶ ተገኘ።

እዚህ ድሬዳዋ ግን ዋናው ጉዳይ ሙቀት ነው። አይጥ የሚመቻት ወደ 30 ዲግሪ ገደማ ነው። አብዛኛው ቤተ ሙከራ ደግሞ ከ20 እስከ 26 ዲግሪ ይጠብቃል፤ ለሠራተኛው ይመቻል፣ ለአይጧ ግን ብርድ ነው። የደንገጎን ዳገት ወጥተሽ ሐረማያ ብትደርሺ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ነሽ። እዚያ ጎጆ መሥሪያ ሳይሰጣት የተቀመጠች አይጥ የምትበላውን ምግብ ሰውነቷን ለማሞቅ ትጨርሰዋለች። የተቀደደ ንጹሕ ወረቀት ብትሰጫት ግን ጎጆዋን ሠርታ ችግሯን ራሷ ትፈታለች። ድሬዳዋ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። የታፈነ ሳጥን ውስጥ ብዙ አይጥ ሲታጨቅ ሙቀቱ ከልክ ያልፋል፤ በሽንት የራሰው ጉዝጓዝም አሞኒያ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ከሁሉ የሚጎዳው ጥንቸል ነው። አያልበውም፤ ሙቀቱን በአብዛኛው የሚያስወጣው በጆሮው ነው። ሲብስበት መብላት ይቀንሳል፣ ወንዱም መራባት ይከብደዋል። ስለዚህ አይጥና ጥንቸል በአንድ ክፍል፣ በአንድ ቬንትሌተር ካየሽ ለምን እንደሆነ ጠይቂ።

ይህ ለእንስሳቱ ከማዘን ብቻ የሚመጣ ጥያቄ አይደለም። አገራችን ውስጥ የባህል መድኃኒት ተክሎች ለወባ ሲሞከሩ፣ አይጥ የአይጥ ወባ እንድትያዝ ይደረግና ከደሟ ተውሳክ ሌላ ክብደቷና የሰውነቷ ሙቀት ይለካል። ክፍሉ ራሱ ሙቀቷንና ክብደቷን እየለወጠ ከሆነ፣ የተለካው መድኃኒቱ ነው ወይስ ክፍሉ? በ1999 ኤድመንተን (ካናዳ)፣ አልባኒና ፖርትላንድ (አሜሪካ) ያሉ ሦስት ቤተ ሙከራዎች አንድ ዓይነት የአይጥ ዝርያዎችን፣ በአንድ ዓይነት መሣሪያ፣ በተቀራረበ አያያዝ ሞከሩ። ያም ሆኖ አንዳንዱ ውጤት ከቦታ ቦታ ተለያየ። ሐረማያ የተገኘ ውጤት ድሬዳዋ ላይ ሲለያይ «ኬጁ ውስጥ ምን ነበር?» ለሚለው መልስ ያላት እንስሳቱን የምትይዘው ሠራተኛ ናት። ቤተሰብሽ ይህን ቢረዳልሽ ደስ ይለኛል።

በእጅሽ ልትለውጪ የምትችዪው ብዙ ነገር አለ። አይጥን በጅራቷ አታንሺ። የሊቨርፑል ተመራማሪዎች በ2010 እንዳሳዩት፣ በቱቦ ወይም በተጣመረ መዳፍ የሚነሱ አይጦች በጅራት ከሚነሱት ይልቅ ይረጋጋሉ። ቁራጭ የውኃ ቱቦ ይበቃሻል። ወንድ አይጦች የሚኖሩበትን ሰጋቱራ ስትቀይሪ የድሮውን ጎጆ ወደ አዲሱ ኬጅ አሻግሪላቸው፣ ድብድቡ ይቀንሳል። ሽንት የነካውን ሰጋቱራ ግን አታሻግሪ፣ ድብድቡን ያብሰዋል።

ደብተር ያዢ። በየቀኑ የክፍሉን ሙቀት፣ በየኬጁ ስንት እንዳሉ፣ ማን ሽቦ እንደሚነክስ፣ ማን እንደከሳ፣ የትኛው ሰው ወደ ክፍሉ እንደገባ ጻፊ። ይህ ደብተር ነገ ለማስተርስ ጥናትሽ መነሻ ይሆናል። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናም የጤናም ትምህርት አለው። አዲስ አበባም እንደ አርማወር ሐንሰን ያሉ የምርምር ተቋማት አሉ። በአሜሪካ ለዚህ ሥራ ባለ ሦስት ደረጃ የሙያ ፈተና አለ። ራስልና በርች የሚባሉ ሁለት እንግሊዛውያን በ1959 ሦስት ነገር ጠየቁ፤ እንስሳን በሌላ ዘዴ መተካት፣ ቁጥሩን መቀነስ፣ ሥቃዩን ማቃለል። ዛሬ የሥነ ምግባር ኮሚቴዎች የሙከራ ዕቅድ የሚመዝኑት በእነዚህ ነው። ሦስተኛው በየቀኑ በአንቺ እጅ ያለ ነው።

አንድ ከባድ ነገር ሳልነግርሽ ማለፍ አልፈልግም። ሙከራው ሲያልቅ አብዛኞቹ እንስሳት ይገደላሉ። ስም ያወጣሽላቸውም ጭምር። ይህን ፈጽሞ እንደማትችዪ ከተሰማሽ ከአሁኑ ይቅርብሽ፣ ማንም አይፈርድብሽም። ከቻልሽ ግን እዚያ ቤት እንዳንቺ የሚጨነቅ ሰው መኖሩ ለእነሱ ትልቅ ነገር ነው።

ለቃለ መጠይቁ ስትሄጂ አራት ነገር ጠይቂ። ክፍሉ ቴርሞሜትር አለው ወይ? መብራት ሲጠፋ ምን ይደረጋል? ቅዳሜና እሑድ ማን ይመግባል? ማስክና ጓንት ይሰጣል ወይ? የመጨረሻውን ቀላል አታድርጊው። የአይጥ ሽንት ብናኝ ውሎ አድሮ አለርጂ፣ አንዳንዱን ሰው ላይም አስም ያመጣል። አስም ካለብሽ ቀድመሽ ሐኪም አማክሪ። ውሉ ላይም የሥራ መደቡ «ጽዳት» ተብሎ ከተጻፈ፣ ሳትፈርሚ «የቤተ ሙከራ እንስሳት ተንከባካቢ» ተብሎ እንዲስተካከል ጠይቂ። በኋላ ለሌላ ሥራ ስታመለክቺ ልምድሽ የሚቆጠረው በዚያ ስም ነው።