መጀመሪያ የምትደውለው ለማን ነው? በስደት እርስ በርስ ስለመጠባበቅ ጥያቄና መልስ

የላካችኋቸውን ጥያቄዎች ዛሬ ቁጭ ብዬ እመልሳለሁ። ለማታውቁኝ፦ ቤይሩት ውስጥ ለዓመታት በሰው ቤት ሠርቻለሁ። በኋላ ደግሞ ሀበሻ ሴቶች ተሰባስበው በጀመሩት የመረዳዳት ሥራ ውስጥ ስልክ ከሚያነሱት አንዷ ሆንኩ። አሁን አዲስ አበባ ነኝ። ስለዚህ ብዙው መልሴ ስለ ሊባኖስ ነው። ዓመቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ «በማህበረሰብ ላይ የተመሠረተ የስደተኞች ጥበቃ» ሲባል የምሰማው ስብሰባ ላይ ብቻ ነው። በተግባር ምንድን ነው?

መልስ፦ ስሙ የስብሰባ ነው፣ ልክ ነህ ወንድሜ። ሥራውን ግን እድር ያለበት ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሰው ሲታመም፣ ሲታሰር፣ ሲሞት ቀድሞ የሚደርሰው ጎረቤት ነው። ቤይሩት ላይ ጎረቤቷ ሌላ ሀበሻ ናት። ፊት ለፊት ፎቅ ላይ ልብስ ስታሰጣ ያየቻት፣ ቆሻሻ ልትጥል ስትወርድ በጥድፊያ ቁጥር የሰጠቻት፣ የእረፍት ቀን ካላት ደግሞ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ያገኘቻት። በ2017 ቤይሩት ውስጥ የቤት ሠራተኛ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ሴቶች «እኛ ለእኛ በስደት» የሚባለውን ማህበር አቋቋሙ። ስሙ ራሱ ለጥያቄህ መልስ ይሆናል።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ቆንስላ አለን አይደል? ይህ የመንግሥት ሥራ አይደለም ወይ?

መልስ፦ ነው እንጂ። ሌሴ ፓሴ (ፓስፖርት ለሌለው ሰው የሚሰጥ የጉዞ ወረቀት) የሚሰጠው፣ ከአገሩ መንግሥት ጋር የሚነጋገረው ቆንስላው ነው። እኛ ያንን አንተካም። ችግሩ ልጅቷ እንዴት ቆንስላው በር ድረስ ትድረስ ነው። ፓስፖርቷ ማዳም፣ ማለትም አሠሪዋ፣ ጋር ተቆልፎበታል። በከፋላ ሥርዓት መኖሪያ ፈቃዷ ከአንድ አሠሪ ጋር የታሰረ ነው፤ ከቤቱ ሳታስፈቅድ ከወጣች «ሕገወጥ» ትሆናለች። ዱላ ሸሽታ ብትወጣም ያው ነው። የሊባኖስ የሠራተኛ ሕግ የወጣው በ1946 ነው፤ አንቀጽ 7 የቤት ሠራተኞችን ከሕጉ ውጭ አድርጓቸዋል። በሴፕቴምበር 2020 ትንሽ የተሻለ የሥራ ውል ወጥቶ ነበር። ቀጣሪ ኤጀንሲዎች ከሰሱና በወሩ ፍርድ ቤት አገደው።

በዚያው ዓመት የሊባኖስ ገንዘብ ወድቆ ኮሮናም ሲጨመርበት፣ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን በመኪና እያመጡ ቆንስላችን በር ላይ ጥለው ሄዱ። ደመወዝ የለ፣ ፓስፖርት የለ። አስፋልት ላይ ያደሩ አሉ። ምግብና ፍራሽ ይዘው፣ ቤት ተከራይተው ከደረሱላቸው ውስጥ ብዙዎቹ ራሳቸው ስደተኞች ነበሩ። ሊባኖሳውያን በጎ ፈቃደኞችም ነበሩ፣ ምስጋናቸውን አልነፍጋቸውም። ኦገስት 4 ወደቡ ሲፈነዳም፣ በ2024 ቦምብ ሲዘንብም እንዲሁ ነበር። በ2024 ሠራተኛቸውን ቤት ቆልፈውባት የሸሹ አሠሪዎች ነበሩ። ለተፈናቃይ ከተከፈቱት መጠለያዎች ደግሞ «የውጭ ሰው አናስገባም» ያሉ ነበሩ።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ አንዲት ልጅ «አድኑኝ» ብላ ስትደውል በትክክል ምን ታደርጋላችሁ?

መልስ፦ መጀመሪያ «አሁን ማውራት ትችያለሽ?» እንላታለን። ካልቻለች በጽሑፍ እንቀጥላለን። መልእክቱን እያጠፋች እንድትሄድም እንነግራታለን፤ ስልኳን የሚፈትሹ ቤቶች ብዙ ናቸው።

ቀጥሎ ያለችበት ቦታ ነው። ሎኬሽን መላክ ከቻለች ተገላገልን። ካልቻለች ግን ብዙዎቹ የሰፈራቸውን ስም አያውቁትም። ከቤት አይወጡማ! በመስኮት የሚታያትን እንጠይቃታለን። የሱቅ ጽሑፍ፣ መስጊድ፣ ባሕሩ በየት በኩል ነው፣ ስንተኛ ፎቅ ላይ ነሽ። ከተማውን የሚያውቁ ልጆች ተሰብስበው ከሦስት ከአራት ምልክት ሕንፃውን ያገኙታል።

ከዚያ ብዙ ሰው የሚዘላት ጥያቄ ትመጣለች፦ ምን ትፈልጊያለሽ? ከውጭ ሲታይ መልሱ አንድ ይመስላል፣ «ከቤቱ አውጧት»። አይደለም። አንዷ የስድስት ወር ደመወዟ እንዲከፈላት ነው የምትፈልገው እንጂ መውጣት አትፈልግም። ሌላዋ አገሯ መግባት ትፈልጋለች። ሌላዋ ማዳሟ እናቷን እንድታነጋግራት ከፈቀደችላት ይበቃታል። ብትወጣ የሚጠብቃትን ሳንደብቅ እንነግራታለን። ወረቀቷ ይበላሻል፣ አሠሪው «ሰረቀችኝ» ብሎ ሊከስ ይችላል። ይህ ክስ የተለመደ ነው። ስለዚህ ከራሷ ልብስና ስልክ በቀር ምንም ይዛ እንዳትወጣ እንመክራታለን። ውሳኔው የእሷ ነው። አንዳንዷ ሰምታ «ልታገሥ» ትላለች። ያን ጊዜ እኛ በየቀኑ እየደወልን አብረናት እንቆያለን።

አንድ ነገር ላይ ግን ምርጫ አንሰጥም፤ በበረንዳ አትወርድም። ሂዩማን ራይትስ ዎች የተባለው የሰብአዊ መብት ድርጅት ከጃንዋሪ 2007 እስከ ኦገስት 2008 ድረስ ብቻ ሊባኖስ ውስጥ ቢያንስ 95 የውጭ አገር የቤት ሠራተኞች መሞታቸውን መዝግቧል። 40ዎቹ ራሳቸውን እንዳጠፉ ነው የተመዘገቡት። 24ቱ ከፎቅ የወደቁ ናቸው፤ ብዙዎቹ ሊያመልጡ ሲሞክሩ። አንሶላ ቋጥራ ልትወርድ የተዘጋጀች ልጅ ስትደውል ሌላው ሁሉ ይቆያል። ውኃ ጠጪ፣ ቁጭ በይ፣ የት አገር ነው የተወለድሽው እያልን ወሬ እንይዛለን። በሌላ ስልክ ደግሞ ጠበቃ ያላቸው የአገሩ ድርጅቶች ጋ እንደውላለን። ሕግ የሚያውቅ ሊባኖሳዊ ፖሊስ ጋ ሲደውልና እኔ ስደውል መልሱ አንድ አይደለም። ያበሳጫል፤ ግን ይሠራል፤ እንጠቀምበታለን።

ጥያቄ (ከወልዲያ)፦ እዚህ ያለው ችግር ደላላ ነው። ደላላን በማህበረሰብ እንዴት ነው የምትከላከሉት?

መልስ፦ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ያናድደኛል።

ደላላውን ከሌላ ዓለም የመጣ ጭራቅ አድርገን ስለምንስለው ነው የምንሸነፈው። ደላላው የሰፈር ልጅ ነው። አበልጅ ነው። አንዳንዴ ከስደት የተመለሰች ጎረቤት ናት። ገንዘቡ ካልሞላ ያበድራል፣ ስልኩን በሌሊትም ያነሳል፣ አባትሽን በስም ይጠራል። እኛ ደግሞ ፖስተር እንለጥፋለን። ለነፍሷ የምትፈራ ልጅ ማንን ትመን?

እሱን የሚያሸንፈው በመታመን የሚበልጠው ሰው ብቻ ነው። በወሎና በሌሎችም አካባቢዎች በየቀበሌው የማህበረሰብ ውይይት የሚባል ነገር ተጀምሮ ነበር። ከስደት የተመለሱ፣ ወላጆች፣ ወጣቶች፣ የሃይማኖት አባቶችና የእድር ሰዎች በየጊዜው እየተገናኙ ያወራሉ። ጥሩ ሲሆን በጣም ጥሩ ነው። የተመለሰችው ልጅ ስለ ደመወዙ፣ ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ማዳሟ ልጆች ሳይቀር ስትናገር አዳራሹ ጸጥ ይላል። ሲበላሽ ደግሞ አንድ ባለሥልጣን ለአንድ ሰዓት «ሕገወጥ ስደት ይቁም» ብሎ ይናገራል፣ ሰዉ አበል ፈርሞ ይሄዳል። ሁለቱም በአንድ ስም ሪፖርት ይደረጋሉ።

ውይይቱ «አትሂዱ» ከሚል ይልቅ ሰው የሚጠይቀውን ሲያስተምር ይጠቅማል። ለምሳሌ በአዋጅ ቁጥር 923/2008 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) መሠረት የቪዛ፣ የሥራ ፈቃድ፣ የመኖሪያ ፈቃድና የደርሶ መልስ ትኬት ወጪ የአሠሪው ነው። ሠራተኛዋ የምትከፍለው ለፓስፖርት፣ ለሕክምና ምርመራ፣ ለክትባት፣ ለሰነድ ማረጋገጫ የመሳሰሉትን ነው። ይህን ሙሉ ቀበሌው ካወቀ ደላላው «ለቪዛ» ብሎ ብር ሲጠይቅ የሚያፋጥጠው አያጣም።

ጥያቄ (ስም አልጻፈም)፦ ይህ ሁሉ ለስደት ማበረታቻ ነው። ባይሄዱ አይሻልም?

መልስ፦ ተሞክሯል። በ2008 ወደ ሊባኖስ፣ በኦክቶበር 2013 ደግሞ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ በሙሉ ለሥራ መጓዝ ታገደ። ሁለተኛው እገዳ እስከ 2018 ቆየ። ሰዉ ቆመ? በሌላ አገር ዞሮ፣ በጅቡቲና በየመን አድርጎ ሄደ። ልዩነቱ ስሟን የያዘ ቢሮ፣ የተፈረመ ውል አለመኖሩ ነበር። የአደጋ ጊዜ ስልክ መስጠት ማበረታቻ ከሆነ ይሁን።

ጥያቄ (እናት ነኝ፣ ከሐይቅ)፦ ልጄ ሄዳለሁ ብላለች፣ እምቢ ብያት ልመልሳት አልቻልኩም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እማማ፣ ይህን መጠየቅዎ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ተቆጥተው ዝም ካሏት ችግሯን ለእርስዎ አትነግርም። የፓስፖርቷንና የውሉን እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ እርስዎም፣ አንድ የሚያምኑት ሰውም ይያዝ። ኤጀንሲው ፈቃድ ያለው መሆኑን በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር በኩል ያጣሩ። የአሠሪዋን ሙሉ ስም፣ አድራሻና ስልክ ሳይቀበሉ አይሸኟት። ሁለት ስልክ ቁጥር በቃሏ ትያዝ፣ ስልኳን ሊቀሟት ይችላሉ። ማዳም አጠገቧ ቆማ «ደህና ነኝ በይ» ብትላትስ? ለዚያ የምስጢር ቃል ይኑራችሁ። «ላሟ ወለደች ወይ?» ካለችዎት ችግር ላይ ናት ማለት ነው። የላከችውን ገንዘብ ደግሞ ከፊሉን በራሷ ስም ያስቀምጡላት። ይህን የምለው የዓመታት ደመወዛቸው በቤተሰብ እጅ አልቆ የጠበቃቸውን ብዙ ልጆች ስለማውቅ ነው፣ አይቀየሙኝ።

ጥያቄ (ከጅዳ)፦ እኛ ጋ እንደ ቤይሩት ማህበር ማቋቋም አይታሰብም። ይሠራል?

መልስ፦ እንደዚያው አይሠራም። ሳውዲ የሠራተኛ ማህበር አይፈቀድም፣ ወረቀት የሌለው ሰው ደግሞ በማንኛውም ቀን ሊያዝ ይችላል። ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ በጥቂት ወራት ከ160,000 በላይ ወገኖቻችን ተባረው የመጡበትን ጊዜ አልረሳችሁትም። እናንተ ጋ የሚሠራው ጸጥ ያለው ነው። እቁቡ፣ የአገር ልጆች ስብስብ፣ የታወቀው ኮሚኒቲ። ስም ዝርዝር በአንድ ስልክ ላይ አታስቀምጡ፤ ስልኩ ሲያዝ ሁሉም ይያዛል። በነገራችን ላይ ሊባኖስም የሚመስለውን ያህል ልቅ አይደለም። በጃንዋሪ 2015 የቤት ሠራተኞች ማህበር መሥራች ጉባኤ አደረጉ፣ የሥራ ሚኒስቴሩ ግን እውቅና ከለከላቸው። በ2016 መጨረሻ ከአስተባባሪዎቹ ሁለት ኔፓላውያን ታሰሩ፣ አንዷ ተባረረች።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ ከሌሎች አገሮች የምንማረው አለ?

መልስ፦ ሆንግ ኮንግን ተመልከቱ። እዚያ ያሉ የቤት ሠራተኞች በሕግ የሳምንት እረፍት ቀን አላቸው። እሁድ እሁድ ፊሊፒናውያኑ ሴንትራል በሚባለው የከተማው መሀል መንገድ ላይ ካርቶን አንጥፈው ይውላሉ። የመደራጀቱን ሥራ ሁሉ የሠሩት ያችን ቀን ይዘው ነው። በ1986 የተከፈተው «ቤቱን ሀውስ» (Bethune House) የሚባለው መጠለያ ከአሠሪዋ ጋር ክስ ያላት ሴት ጉዳዩ እስኪያልቅ የምታርፍበት ነው። ማደሪያ ከሌለ ክስ የለም፤ ተርባ ትተወዋለች። እኛም መጀመሪያ የቤት ኪራይ የምንለው ለዚህ ነው።

ሜክሲኮ ውስጥ ደግሞ ቬራክሩዝ አካባቢ ላስ ፓትሮናስ የሚባሉ የገጠር ሴቶች አሉ። ከ1995 ጀምሮ በጭነት ባቡር ላይ ተንጠልጥለው ለሚያልፉ ስደተኞች ሩዝና ባቄላ በላስቲክ ቋጥረው ያቀብላሉ። ባቡሩ አይቆምም፣ እየሮጠ ነው የሚቀበሉት። እነዚህ ሴቶች ስደተኞች አይደሉም፤ መንገዱ በደጃቸው የሚያልፍ ሰዎች ናቸው። መተማና ደወሌ ያላችሁ፣ ይህ እናንተንም ይመለከታል።

ጥያቄ (ከጎንደር)፦ በጎ ፈቃደኞቹ አይሰለቹም?

መልስ፦ ይሰለቻሉ፣ ይታመማሉም። ቀን የሰው ቤት ስታጥብ የዋለች ልጅ ናት ሌሊት የሌላውን ለቅሶ የምትሰማው። ብዙዎቹ ራሳቸው ወረቀት የላቸውም። ስልኩን በተራ መያዝ ግድ ነው። ጥሩ ሰው ናት ተብሎ ሁሉም ለአንዷ ሲደውል እሷ ታልቃለች።

ጥያቄ (ከዋሽንግተን ዲሲ)፦ መርዳት እንፈልጋለን። ገንዘብ መላክ ይጠቅማል ወይስ ሌላ?

መልስ፦ ገንዘብ ይጠቅማል፣ አላፍርም። ግን እናንተ ጋ ጎፈንድሚ (የኢንተርኔት መዋጮ) የሚከፈተው ሰው ሲሞት ነው። ለሬሳ ማጓጓዣ በሁለት ቀን ይሞላል። በሕይወት ላለች ሴት የሦስት ወር ኪራይ ስንጠይቅ ዝም ይባላል። በየወሩ ትንሽ የሚልክ የአሥር ሰው ቡድን ለእኛ ከአንድ ትልቅ የገቢ ማሰባሰቢያ ምሽት ይበልጣል። ሒሳቡን ደግሞ ጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም፣ እድርም በየዓመቱ ሒሳብ ያሰማል። ዐረብኛ ወይም ፈረንሳይኛ የሚጽፍ ሰው፣ በስልክ የምታማክር የሥነ ልቦና ባለሙያ ካላችሁ ደግሞ ሰዓታችሁን ስጡን።

ጥያቄ (ከድሬዳዋ)፦ ቲክቶክ ላይ የምታለቅስ ልጅ ቪዲዮ ሳይ ሼር ላድርግ?

መልስ፦ አታድርጊ፣ በተለይ ፊቷ ከታየ። አሠሪዎቹም ቲክቶክ ያያሉ። ቪዲዮው ከተሰራጨ በኋላ ስልኳ ተቀምቶ ድምጿ የጠፋ ልጆች አሉ። ለለጠፈው ሰው በውስጥ መስመር ጻፊለትና ስሟን፣ አገሩን፣ ሰፈሩን፣ የመጨረሻ የተደወለበትን ቀን ጠይቂ። እነዚህን አራቱን እዚያው አገር ላለ ስብስብ አድርሺ። ቤተሰቧን ካገኘሽ ደግሞ የፓስፖርቷን ፎቶ ይዘው ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር እንዲያመለክቱ ንገሪያቸው። ማመልከቻው የገባበትን ቁጥር ሳይቀበሉ እንዳይመለሱ።