ኮትቻው 11 በመቶ ኦርጋኒክ ቁስ ወጣለት?

አንድ የግብርና ባለሙያ ከአደአ ያመጣውን የኮትቻ (ጥቁር ሸክላማ) አፈር ለክቶ ግራ ገብቶታል። "አፈሩን ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። 10 ግራም መዝኜ በ550 ዲግሪ ሳቃጥለው 8.90 ግራም ቀረ። ታዲያ ኦርጋኒክ ቁሱ 11 በመቶ ነው? ገበሬው ግን ማሳው ደክሟል ይላል" ሲል ይጠይቃል።

ወንድሜ፣ ገበሬውን እመነው። የኮትቻ ጥቁረት ብዙ ሰው ያሳስታል። ጠቆረ ማለት በኦርጋኒክ ቁስ ሞላ ማለት አይደለም። ኦርጋኒክ ቁስ ከበሰበሰ ተክልና እንስሳ የቀረው ነው፤ ሲሞቅ ተቃጥሎ ስለሚጠፋ የጎደለውን ክብደት ለእሱ እንቆጥራለን።

ዋናው ስህተት ፀሐዩ ላይ ነው። የተሰጣ ኮትቻ በጣትህ ስትፈጨው አቧራ ይሆናል፣ ሸክላው ግን ውሃውን እንደያዘ ነው። ያንን ውሃ ምድጃው አስወጣው፣ አንተ ደግሞ ኦርጋኒክ ቁስ ብለህ ቆጠርከው። ከማቃጠልህ በፊት አፈሩን ከነክሩሲብሉ (ከነማቃጠያ ጽዋው) በ105 ዲግሪ 24 ሰዓት አድርቀው። ያ 10 ግራም 9.30 ሆኖ ወጣ እንበል። እውነተኛው ኪሳራ ከ9.30 ወደ 8.90 ነው። 0.40ን ለ9.30 ስታካፍል 4.3 በመቶ ይሆናል። 11 የት፣ 4.3 የት!

እሱም ቢሆን ትንሽ የተጋነነ ነው። ከ450 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ሸክላው ራሱ በተፈጥሮው ውስጥ የታሰረውን ውሃ መልቀቅ ይጀምራል። ለኮትቻ እኔ 360 ዲግሪ ላይ ሁለት ሰዓት ማቃጠልን እመርጣለሁ። የትኛውንም ብትመርጥ ሙቀቱንና ሰዓቱን ከውጤቱ ጎን ጻፍ። በ360 የተቃጠለውን በ550 ከተቃጠለው ጋር ማወዳደር ዋጋ የለውም።

ሚዛን ላይ ደግሞ ተጠንቀቅ። ሥራ ስጀምር ቸኩዬ ትኩስ ክሩሲብል መዘንኩና ቁጥሩ አልረጋ አለኝ። ትኩስ ዕቃ በዙሪያው ያለውን አየር ወደ ላይ ስለሚያስነሳ ቀሎ ይነበባል። ጠረጴዛ ላይ ክፍት ትቼ ሳበርደው ደግሞ የመጨረሻዋ አሃዝ ቀስ እያለች ስትወጣ አየኋት፤ ደረቅ ሸክላ ከአየር ላይ እርጥበት ይመጥጣል። ማብረጃው ዴሲኬተር የሚባለው፣ እርጥበት የማያስገባ ባለ ክዳን ዕቃ ነው። ውስጡ ያለው እርጥበት መጣጭ ሲሊካ ጄል ሰማያዊው ዓይነት ከሆነ፣ ወደ ሮዝ ሲቀየር ጠግቧልና መልሰህ አድርቀው።

የማሳውን እርጥበት ስትለካም ለደረቁ ክብደት አካፍል እንጂ ለእርጥቡ አይደለም። 60 ግራም እርጥብ አፈር ደርቆ 46 ቢሆን፣ ውሃው 14 ግራም ነው። 14 ለ46፣ 30.4 በመቶ። ለ60 ካካፈልክ 23.3 ይልሃል። ናሙናውን ማሳው ላይ ፌስታል ውስጥ አጥብቀህ እሰር፤ ከፌስታሉ ውስጠኛ ጎን ላይ የምታያቸው ጠብታዎችም የአፈሩ ውሃ ናቸው፣ አብረው ይመዘኑ። ይህን ናሙና ደግሞ አታስጣው፣ እንደመጣ መዝነው።

ለማቃጠል የተዘጋጀውን በ2 ሚሊሜትር ወንፊት ንፋው። ሥርና ገለባ ከቀረበት አንዱ ክሩሲብል 4 በመቶ ሲል ሌላው 7 ይልሃል። ለዚህ ነው ከአንድ ናሙና ሦስት የምመዝነው።

በጀት ካለ ጥቂቱን ናሙና ዎክሊ ብላክ የተባለውን ዘዴ ለሚሠራ ላብራቶሪ ላክ። ዘዴው ካርቦኑን በዳይክሮሜትና በሰልፈሪክ አሲድ ስለሚለካ የሸክላው ውሃ አያታልለውም። የሚሰጡህ ቁጥር ካርቦን ከሆነ ወደ ኦርጋኒክ ቁስ ለመቀየር በ1.724 አባዛውና ከራስህ ጋር አስተያየው።