የቤት ሥራ የሚያሰለቸው ስለማያልቅ ነው

እህቴ፣ «ሰዎች ኪሮሽ ሲሠሩ፣ ሲሰፉ፣ ቤት ሲያስተካክሉ ደስ ይላቸዋል፤ እኔን ግን ሁሉም ያሰለቸኛል። ምን ሆኜ ነው?» ብለሽ ጠይቀሻል። ምንም አልሆንሽም። የእጅ ሥራ የሚወድ ሁሉ ዕቃ ማጠብ ይወዳል ያለው ማነው? እኔ ኪሮሽ ይዤ ባመሽ አይሰለቸኝም። ካውያ ሳይ ግን ፊቴ ይቀየራል።

የእጅ ሥራ ያልቃል፤ የቤት ሥራ አያልቅም። የሠራሽው ዳንቴል ጠረጴዛ ላይ ተነጥፎ ይታያል። ዛሬ ያጠብሽው ብርጭቆ ግን ነገም ይጠብቅሻል። እርካታ ደግሞ ከመጨረስ ጋር ነው የሚመጣው። እ.ኤ.አ. በ2012 ተመራማሪው ማይክል ኖርተንና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት አለ። ሰዎች ራሳቸው አጥፈው የሠሩትን የወረቀት ቅርጽ ባለሙያ ከሠራው እኩል ዋጋ ሊሰጡት ምንም አልቀራቸውም፤ ለሌላ ሰው ዓይን ግን የተጨማደደ ወረቀት ነበር! ሣጥን መገጣጠም ጀምረው ሳይጨርሱ እንዲያቆሙ የተደረጉት ግን ለሣጥኑ ያን ያህል ዋጋ አልሰጡትም።

ስለዚህ በአልጋ ልብስ አትጀምሪ። በአንድ ምሽት የሚያልቅ ነገር ያዢ። ኪሮሽ ከሆነ የብርጭቆ ማስቀመጫ ይበቃል። ክሩ መካከለኛ ውፍረት ያለውና ፈዘዝ ያለ ቀለም ይሁን፤ በጥቁር ክር ላይ መርፌውን የት እንደምታስገቢ አይታይሽም፣ ዓይንሽም ይደክማል። 5 ሚሊ ሜትር የኪሮሽ መርፌ ለጀማሪ ይመቻል።

መስፋት ከፈለግሽ ደግሞ የተበጠሰ ቁልፍ ትከዪ። የማይረባ ሥራ ይመስላል አይደል? ሞክሪው። በቁልፉና በጨርቁ መካከል የክብሪት እንጨት አስገብተሽ ስፊው። ከዚያ እንጨቱን አውጪና ክሩን ከቁልፉ ሥር ደጋግመሽ ጠምጥመሽ ቋጪ። ቁልፉ አጭር አንገት ያወጣል፤ ወፍራም ኮት ሲቆለፍ ጨርቁን አይጨመድድም። ኮቱን በለበስሽው ቁጥር እጅሽ ሳታስቢው እዚያ ቁልፍ ላይ ይሄዳል።

የቤት ሥራውን በተመለከተ፣ እኔ «ቤት ላጽዳ» ብዬ አልነሳም። «ይቺን መሳቢያ ላስተካክል» እላለሁ። መሳቢያዋን ዘግቼ ቁጭ እላለሁ፤ ሌላው ቢዝረከረክም ለዛሬ አልነካውም። ፎቶ ላይ የምናየውን የሚያብረቀርቅ ቤት ተይው። ፎቶ ከተነሳ በኋላ ምን እንደሚመስል ማን አየ?

ካውያን ግን ልትወጂው አይጠበቅብሽም። እኔ ሬዲዮ ከፍቼ እገላገለዋለሁ፣ አለቀ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ የቤቱን ሥራ የምትሠሪው ብቻሽን ነሽ? ሌላው ሶፋ ላይ ተንጋሎ ስልክ እየነካካ አንቺ ብቻ ጉድ ጉድ የምትዪ ከሆነ መሰልቸት ብቻ አይመስለኝም፤ ንዴትም አለበት። እሱን ደግሞ ኪሮሽ አይፈታውም። ቁጭ ብላችሁ ሥራውን ተከፋፈሉ፤ ዕቃ ማጠቡን ለሌላው ስጪና አንቺ የምትመርጪውን ያዢ።