ጥያቄና መልስ፦ በከብት ዓይን ውስጥ ተቀምጦ መድኃኒት ቀስ በቀስ የሚለቅ ኢንሰርት

ተማሪ (ቢሾፍቱ)፦ ዶክተር፣ ቲቲሲ (ቴትራሳይክሊን) የተባለው ፀረ ባክቴሪያ የዓይን ቅባት በየፋርማሲው እያለ ኢንሰርት ለምን አስፈለገ?

መላሽ፦ ቅባቱ ስለማይቆይ ነው። ሞራክሴላ ቦቪስ፣ የከብትን ዓይን የሚያቆስለው ባክቴሪያ፣ የያዘው ዓይን እንባው ይጎርፋል። ጠብታ በደቂቃዎች ታጥቦ በአፍንጫ ይወርዳል። ቅባት ትንሽ ይሻላል፤ ግን በቀን ደጋግሞ መቀባት አለበት። ግጦሽ ላይ የሚውል ወይፈን በቀን ሦስቴ ማን ይይዝልሃል? ስለዚህ ከታችኛው የዓይን ቆብ ሥር የሚገባ፣ ከኮላጅን ወይም ከሌላ ፖሊመር የተሠራ፣ ለቀናት የሚለቅ ስስ ቁራጭ ታሰበ። ለሰው ኦኩሰርት የተባለው በ1974 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዶ ነበር፤ ግላኮማ ለሚባለው የዓይን ግፊት በሽታ ፒሎካርፒን የተባለውን መድኃኒት ሰባት ቀን ይለቅ ነበር። ከዓይን እየወደቀ ያስቸግር ነበር። ከብት ደግሞ ሦስተኛ የዓይን ቆብ አለው፤ ዓይኑን በጠረገ ቁጥር ቁራጩን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ጠርዙ ክብ ካልሆነና ካልለሰለሰ ወይ ይወድቃል ወይ ኮርኒያውን፣ የዓይኑን የፊት መስታወት፣ ይፍቃል።

አርቢ (ሰላሌ)፦ የት ነው የሚሸጠው?

መላሽ፦ የማወራው ስለ ምርምር ነው። ዛሬ የታመመ ከብት ካለዎት ሐኪም ይጥሩ። ዴክሳሜታዞን የተባለው ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ግን የዓይን ቁስል ላይ እንዳያደርጉ።

የማስተርስ ተማሪ (ጎንደር)፦ ጥጆች ቀኝ ዓይን ላይ ኢንሰርት አስገብቼ ግራውን ለማነጻጸሪያ ልተወው አስቤያለሁ። ይበቃል?

መላሽ፦ አይበቃም፣ እህቴ። ብዙ ሙከራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። መድኃኒቱ ከቀኝ ዓይን በእንባ ቱቦ ወደ አፍንጫ ይወርዳል፤ ጥጃው ይልሰዋል። ባክቴሪያውም በዝንብ ከዓይን ወደ ዓይን ይሄዳል። ሁለቱ ዓይኖች የአንድ እንስሳ ናቸው፤ ዕጣ የሚወጣው በእንስሳ ነው እንጂ በዓይን አይደለም።

ከሁሉም በላይ መድኃኒት የሌለው ባዶ ቁራጭ የሚገባለት ቡድን ያስፈልግሻል። ቁራጩ ብቻውን ቁስሉን ሊሸፍን ወይም ሊፍቅ ይችላል፤ ያንን ከመድኃኒቱ ሥራ የምትለዪው በባዶው ብቻ ነው። ምንም ያልገባለት ቡድንም ይኑር፤ የከፋ ቁስል ያለበትን ጥጃ ግን ወዲያው አውጥተሽ አሳክሚው። ቁስሉን በፍሎረሰሲን፣ ቁስሉን በሚያሳይ ቀለም፣ ቀልመሽ ከማስመሪያ ጋር ፎቶ አንሺ፤ ፎቶውን የሚለካው ሰው ቡድኑን አይወቅ። ቁራጩ መኖሩን በየቀኑ እዪ። የወደቀበትንም ጥጃ ከቡድኑ አታውጪ፤ ካወጣሽው ውጤትሽ ከእውነቱ በላይ ያማረ ይሆናል። እንባ ቀድተሽ የመድኃኒቱን መጠን ለኪ። በመጨረሻዎቹ ቀናት ባክቴሪያውን ከሚያቆመው መጠን በታች እየወረደ ለረጅም ጊዜ የሚንጠባጠብ ከሆነ መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያ እያራባሽ ነው።

አርቢ (ወሎ)፦ እኛ ጨው አላምጠን እንተፋበታለን፤ ይሽራል።

ጤና ረዳት፦ አባቴ፣ ይሄ እኮ ማሰቃየት ነው! ቁስል ላይ ጨው?

አርቢ (ወሎ)፦ ልጄ፣ ከአያቶቼ ጀምሮ ስንት በሬ ሽሯል። አንተ ስንት አድነሃል?

ጤና ረዳት፦ የታወረውንስ ማን ቆጠረው?

መላሽ፦ ይብቃችሁ። አባቴ፣ መሻሩን አልክድም። ብዙው ቁስል በሳምንታት ውስጥ በራሱ ስለሚድን ጨውም፣ ቅባትም፣ ኢንሰርትም ምስጋናውን ይወስዳል። ያልታከመ ቡድን ይኑር እያልኩ የምጮኸው ለዚሁ ነው። ጨው ግን ቁስሉን ያቃጥላል፤ ይተዉት። ዴክሳሜታዞንም እንደዚያው፣ ደግሜ እላለሁ።

ሌላ ጠያቂ፦ የዓይን በሽታ በምን ይታከማል?

መላሽ፦ የየትኛው እንስሳ? ምን ይታያል? እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም። ከብት ላይ ቴላዚያ የሚባል የዓይን ትል ሊሆን ይችላል፤ ሦስተኛውን ቆብ ገልጣችሁ እዩ። ለትል ፀረ ባክቴሪያ አይሠራም። በግና ፍየል ላይ ብዙ ጊዜ ማይኮፕላዝማ የሚባል ባክቴሪያ ነው፤ የሴል ግድግዳ ስለሌለው ፔኒሲሊንም ክሎክሳሲሊንም አይነኩትም።

ፋርማሲስት፦ በጄላቲን ቤት ውስጥ ብንሠራውስ?

መላሽ፦ አይሆንም። ንጽሕናው ያልተረጋገጠ ነገር የቆሰለ ዓይን ውስጥ አይገባም። ጄላቲኑን በእንፋሎት ልቀቅለው ብትል ይቀልጣል። በጋማ ጨረር፣ በተለመደው 25 ኪሎግሬይ የጨረር መጠን ስታመክነውም ቁራጩም መድኃኒቱም አለመለወጡን እንደገና መለካት አለብህ።

አርቢ (ሰላሌ)፦ የምትታለብ ላም ላይስ?

መላሽ፦ መጠኑ ትንሽ ነው ተብሎ ወተቱ አይለቀቅም። ወተቱ ውስጥ የሚቀረው መድኃኒት ልኬት እስኪታወቅ ሙከራ ላይ ያለች ላም ወተት ለሰው አይሰጥም።

አዲስ ገቢ፦ ኢንሰርቱ የት ይገኛል?

መላሽ፦ ከላይ ተመልሷል።

የማስተርስ ተማሪ (ጎንደር)፦ ባዶውን ከጨመርኩ የጥጆቹ ቁጥር ይበዛብኛል፤ በጀቴ አይችልም።

መላሽ፦ እንግዲያው የምትሞክሪያቸውን የመድኃኒት መጠኖች ወደ አንድ ቀንሺ፤ ባዶውን አትንኪው። ፕሮፖዛሉን እንዲያ አስተካክለሽ ላኪልኝ፣ አነበዋለሁ።